ሁለተኛዋ አበሻ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ዛሬ የምንጨፍርበት ጋራዥ ውስጥ ሌላ አበሻ መጣች።

ስሟ ሐሴት ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ካስትሮ ቫሊ ከእናቷ ጋር የምትኖር። ያመጣት ራፋ ነው፤ ኮሌጅ አንድ ክላስ አብረው ይወስዳሉ። በሩ ላይ ቆሞ "ዮዲ፣ ሰርፕራይዝ አለሽ!" ሲለኝ ኬክ ምናምን መስሎኝ ነበር። ከኋላው ብቅ ያለችው እሷ ናት። ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ይወርዳል። "ሰላም እህቴ፣ እንዴት ነህ?" አለችኝ።

ነህ።

ማንም አላወቀባትም። በልጅነታችን ተጠፋፍተን ዛሬ የተገናኘን እህትማማቾች ይመስል ሁሉም "ኦው!" አሉ። እኔም አቀፍኳት። ምን ላድርግ? ሃያ ሰው እያየኝ።

ባርት ባቡር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቤሪኤሳ ልደርስ ነው። ጥሩ ልጅ ትመስላለች። ምንም አልከፋኝም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ብሬክ ላይ። ሳን ሆዜ ኤርፖርት፣ የሠራተኞች ክፍል።

ዛሬ ስድስት ሰው በዊልቸር ገፍቻለሁ። ሁለቱ "ኬሞ ላይ ነሽ?" ብለው ጠየቁኝ። አንዷ አሮጊት እጄን ይዛ ጸለየችልኝ። ፀጉሯን የተላጨች ሴት ሲያዩ ሰዎች የሚያስቡት ካንሰር ወይም እብደት ነው። ስኪንሄድ ነች ብሎ የሚገምት የለም፤ በተለይ ጥቁር ከሆነች።

ዴኒስን ያገኘኋት እዚሁ ነው፤ አምና ሴፕቴምበር። ዌስት ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ስልሳ አንድ ዓመቷ፣ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር። በእኛ ወግ አንቱ ልላት ይገባ ነበር። የዚያን ቀን አንድ እግሯ ጀሶ ውስጥ ነው፣ ሌላኛው መስታወት በሚመስል ቡትስ ውስጥ። እየገፋኋት ሳለ "ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። አሜሪካ ከገባሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር፤ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። አክስቴ ያለምዘውድ ቤት ተጋድሜ ጣሪያ አያለሁ ማለት አፈርኩ። "ምንም" አልኳት።

ፍሩትቬል ያለው የቤቷ ጋራዥ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው፤ የድሮ የጃማይካ ዘፈን። ቅዳሜ ከሰዓት ቡድኑ፣ እነሱ ክሩ የሚሉት፣ እዚያ ይሰበሰባል። ራፋ ከኢስት ሳን ሆዜ፣ ሌሎቹ ፊሊፒኖ፣ ሜክሲኮ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ሁሉም አለ። ራስ ተላጭቶ፣ ቡትስ ታስሮ፣ ሱሪ በማንጠልጠያ ተይዞ ይጨፈራል። ስኪንሄድ የሚባለው ነገር በፈረንጅ ስልሳዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ የሠራተኛ ልጆችና ከጃማይካ የሄዱ ስደተኞች ልጆች አብረው ሲጨፍሩ የተጀመረ ነው። ናዚዎቹ ስሙን የወሰዱት በኋላ ነው።

ግማሹ ሸክላ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ያወራል። የመጀመሪያው ቀን ራፋ "ከየት ነሽ?" ሲለኝ "ኢትዮጵያ" አልኩት፤ ዘፈኑን አቋረጡት። በሕይወቴ ለእኔ ሲባል ዘፈን ተቋርጦ አያውቅም።

ዴኒስ ፀጉሬን ከመላጨቷ በፊት አስቀምጣኝ ስለ ፖርትላንድ ነገረችኝ። በ1988 ኖቬምበር ውስጥ ነጭ ስኪንሄዶች አንድ የኛን አገር ልጅ በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገድለውታል። "ይህን ሳታውቂ አልላጭሽም" አለችኝ። አንድ ሳምንት አሰብኩበትና ተመልሼ ሄድኩ።

ጃኬቴ ጀርባ ላይ የክሩን ዓርማ ለመስፋት አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። አስራ ሦስት ወር ሆነኝ። ማንም አላነሳውም። እኔም አላነሳሁም።

ተጠራሁ። ጌት አስራ አንድ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

እስክስታ መታች።

ማን ጠየቃት? ራፋ "እናንተ አገር እንዴት ነው የሚጨፈረው?" አለ። እኔን አይቶ ነው የጠየቀው፤ እምላለሁ፣ እኔን ነው ያየው። አፌን ከመክፈቴ እሷ መሃል ገብታ ትከሻዋን ታርገፈግፈዋለች። የሰውነቷ ግማሽ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ። አዲስ አበባ ሰርግ ላይ እንደዚያ ብትሆን ውሃ ይዘው ይሮጡላት ነበር። እዚህ ግን ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ ቪዲዮ።

ከዚያ ራፋ፣ "ዮዲ፣ አንቺም ትችያለሽ?"

አንቺም።

"ጉልበቴን አሞኛል" አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ትከሻዬ አይታዘዝልኝም፤ ትምህርት ቤት "ሳንቃ" ነበር የሚሉኝ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። አልናገርምም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ቴክስት አደረገችልኝ። አማርኛ ላስተምራት እችል እንደሆነ። ከልብ ምስል ጋር።

አልመለስኩም። ቢዚ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ዛሬ ስለ ጳጉሜ አስረዳቻቸው። "የኛ ሕዝብ መቸኮል ስለማይወድ ለራሱ አስራ ሦስተኛ ወር ጨመረ" አለች። ራፋ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። ዴኒስ "እንዴት ያለ ቆንጆ ነገር ነው" አለች።

ውሸት ነው! እናቷ እንኳ እንደዚያ አትላትም። ጳጉሜ ላይ እኛ ልጆች ሆነን ዝናብ ሲመጣ ልብሳችንን አውልቀን እየጮህን ግቢ ውስጥ እንደምንሮጥ፣ እናቴ በመስኮት እያየች እንደምትስቅ ልናገር አስቤ ነበር። ግን በእንግሊዝኛ በልቤ ደርድሬ እስክጨርስ ወሬው ስለ ሌላ ነገር ሆነ። ሁሌም እንዲሁ ነው። እሷ ወሬው ላይ እንደ ቤቷ ደረጃ ትሮጥበታለች፤ እኔ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠርኩ ስወጣ ሰው ሁሉ ፎቅ ደርሷል።

ራስሽን ጠይቂ ዮዲ፤ አስራ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጳጉሜ ለምን አልነገርሻቸውም? ማን ከለከለሽ?

ቀንቼ አይደለም። አገሬን ስትጫወትበት ነው ያናደደኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ሐሴት ጸጉሯን ተቆረጠች። ከፊት ለፊትና ከጆሮዋ አጠገብ ትንሽ ጸጉር ትተውላት ሌላው በሙሉ ወረደ፤ የሴቶቹ ፋሽን እንደዚያ ነው። እኔ ስላጭ ሙሉውን ነው ያስወረድኩት። ዴኒስ መላጫውን ስታስነሳ ሐሴት እጇን ዘረጋችልኝ፤ "እህቴ፣ ያዝኝ" አለች። ያዝኳት። እጇ በረዶ ሆኗል። ይቺ ልጅ ፈርታለች አልኩ በልቤ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደድኳት መሰለኝ።

ከዚያ ራፋ መጥቶ ራሷን በመዳፉ ዳበሳትና "ንግሥት" አላት።

እኔ የተላጨሁ ቀን ያለኝ "ናይስ" ነበር። ምንም አይደለም። ለእኔ ራፋ ምኔም አይደለም።

እናቷ አታውቅም። የበፊቱን ጸጉሯን የሚመስል ዊግ ገዝታለች፤ ቤት ስትገባ ታደርገዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ ልጆች አስጠናለሁ ትላታለች። "እናቴ ብታውቅ ትሞታለች" አለችኝ እየሳቀች። እኔ ተላጭቼ ቤት የገባሁ ቀን አክስቴ የያዘችውን ሳህን ጥላ "ማን ሞተ? ንገሪኝ፣ ማን ሞተ?" ብላ ጮኸች። አዲስ አበባ ያለችው እናቴም በቪዲዮ አይታኝ ስልኩን ዘጋችብኝ፤ ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። እኔ ዊግ አላደረግሁም። የከፈልኩትን ከፍያለሁ።

እሷ ምን ከፈለች?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ዴኒስ ሸክላውን አቆመችና ዲሴምበር 6፣ የክሩ አስራ አምስተኛ ዓመት በዓል ላይ፣ ዓርማ እንደሚሰጥ ተናገረች። "ለዮዲ" አለች። ሁሉም ጮኸ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ "እና ለሐሴት" አለች። "ሁለቱ እህትማማቾቻችን አብረው ቢቀበሉ ያምራል ብለን ዓመቱን ለሐሴት አሳጠርንላት።"

አንድ ወር! አንድ ወር እንኳ አልሞላትም!

ሐሴት ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ እየሳቅሁ ነው። አስሬ አየሁት፤ በደንብ ነው የሳቅሁት፤ ማንም አይነቃም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

እንቅልፍ የለም። ሥራ ላይ አንድ ሽማግሌ የማይሄዱበት ጌት ወስጄ ተውኳቸው። ሱፐርቫይዘሩ ጠራኝ።

አብረው ቢቀበሉ ያምራል። ለማን ነው የሚያምረው?

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

በሥርዓት ልጻፈው። የሆነውን ብቻ።

አክስቴ "ዛሬ ቤተክርስቲያን ካልመጣሽ እንጣላለን" አለች። ኦክላንድ ድረስ ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ታች አዳራሹ ውስጥ ምሳ ሲበላ አንዲት ረጅም፣ ጠይም፣ ነጠላቸው ገና ከእጥፉ የወጣ የሚመስል ሴትዮ አጠገቤ ተቀመጡ። ነጠላዬ ተንሸራቶ ራሴን አይተዋል።

"አይዞሽ የኔ ልጅ። ሕክምናው እንዴት ይዞሻል?"

"አልታመምኩም እትዬ። ስታይል ነው።"

ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ ነው። "ተመስገን! የዛሬ ልጆች መቼም። እኔም አንዲት አለችኝ፤ አርባ ሊሞላኝ ሲል ነው እግዜር የሰጠኝ። ጸጉሯን ብታይው!" ብለው ስልካቸውን አወጡ።

ሐሴት ነበረች። የወርቅውሃ ነው ስማቸው፤ የሐሴት እናት።

ትምህርቷን፣ ጨዋነቷን፣ ሁሉን ነገሩኝ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ ሄዳ የድሃ ልጆች ታስጠናለች" አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ የኩራት እንባ።

"አውቃታለሁ" አልኩ። "ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነን።"

"ውይ! አንቺም ታስጠኛለሽ?"

"አይ። ክሩ ውስጥ ነን። ስኪንሄድ ነን።"

"ምን?"

"ስኪንሄድ" አልኩና ስልኬን ከፍቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ያን የተቃቀፍንበትን።

ፊታቸው ላይ የሆነውን መጻፍ አልችልም። "አመሰግናለሁ ልጄ" ብለው ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ተነስተው ወጡ። የጎረሱትን አልዋጡም።

ይኸው ነው። ውሸት አልተናገርኩም። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ትርጉሙን ላስረዳቸው ስል ሄዱ። ያ ቃል እሳቸውን ምን እንደሚያስታውሳቸው እኔ ምን አውቃለሁ?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

"እኔ ምን አውቃለሁ" ያልኩትን ልሰርዘው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ከሐሴት ምንም የለም። ግሩፑ ላይም የለችም።

ማስረዳት እችል ነበር። ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። "እትዬ፣ አይደንግጡ፣ እኛ ሌሎቹ ነን" ማለት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ጋራዡ ሐዘን ቤት ሆኗል። ሐሴት ከቤት ወጥታ ዴኒስ ጋ ናት። እናቷ ኮምፒውተር ከፍተው "ስኪንሄድ" ብለው ፈልገዋል። ያዩትን ያው አይተዋል። ዊጉን ከራሷ ላይ ራሳቸው አወለቁት። ሐሴት ልታስረዳ ብትሞክር በአማርኛ ቃሉ ጠፋባት፣ በእንግሊዝኛ እሳቸው አልሰማም አሉ። ተጯጯሁ። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

"ማን እንደነገራት አላውቅም" ትላለች። ዓይኗ አብጧል። "ማን እንዲህ ያደርጋል ዮዲ?"

"እንጃ" አልኩ።

እንጃ አልኩ።

ራፋ ሙሉ ቀን አጠገቧ ተቀምጦ ዋለ። ጃኬቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎላት። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጃኬት ነው የማየው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ተጣልታ እያለቀሰች እኔ ጃኬት አያለሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

እትዬ የወርቅውሃ ጋራዡ ድረስ መጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር፣ ከሰዓት። በሩ ክፍት ነው፤ ሸክላ እየዞረ ነው። በነጠላቸው፣ ብቻቸውን፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ሃያ መላጣ ራስ ዞሮ አያቸው። ግን ገቡ። ዴኒስ ዘፈኑን ዘጋችው።

"እንግሊዝኛ አውቃለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ" አሉ በአማርኛ። "የዛሬውን ግን በእናቴ ቋንቋ ነው የምናገረው።" ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ። "አንቺ፣ አስተርጉሚ።"

መሃል ወጣሁ። ሐሴት ወደ ቤት በሚያስገባው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእናቷ ጋር አይተያዩም።

"በፈረንጅ ሰማንያ ስምንት ፖርትላንድ ነበርኩ" አሉ። "ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። እንደናንተ የተላጩ ልጆች አንድ ወንድማችንን በዱላ ገደሉት። ለቅሶ ላይ ተቀምጫለሁ።"

አስተረጎምኩ።

"ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ የተላጨ ራስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እሻገር ነበር። ያንን ከተማ የለቀቅሁት በዚህ ነው። ይህቺን ልጅ የወለድኳት እዚህ ነው፤ እዚህ ይሻላል ብዬ።"

አስተረጎምኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

"አሁን ልጄን በዚያው ስም ትጠሩብኛላችሁ። ደግሞ ሁሉም ሲዋሸኝ ይቺ ልጅ ናት እውነቱን የነገረችኝ። ቤተክርስቲያን ውስጥ፣ ፎቶ አሳይታኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። እሷ ባትኖር እስከዛሬ አላውቅም ነበር።"

ይህኛውን አላስተረጎምኩም።

ራፋ "ምን አለች?" አለ።

"ስሙ ያማታል አለች" አልኩ በእንግሊዝኛ።

"ያን ሁሉ ተናግራ?"

"ያ ነው።"

ሐሴት ከደረጃው ተነሳች። ፊቷ ላይ ደም የለም። ይቺ ልጅ እኮ አማርኛ መናገር ነው የሚቸግራት፤ መስማት አይደለም። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ "ዮዲ፣ የዘለልሽው አለ" አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ላመልጥ የምችልበት ነገር ፈለግሁ፤ ግድግዳው ሁሉ ሸክላ ነው። ተረጎምኩት፤ የመጨረሻውን "እግዚአብሔር ይስጣት" ጭምር።

ራፋ ወለሉን ማየት ጀመረ። ዴኒስ ናት የተናገረችው። "አንቺ ታውቂ ነበር" አለችኝ። "ሳልላጭሽ በፊት ስለ ፖርትላንድ ነግሬሻለሁ። ያ ቃል ለእሷ ምን እንደሆነ ከዚህ ክፍል ውስጥ ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።"

ከዚያ ዴኒስ ወንበር ጎትታ ከእትዬ የወርቅውሃ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ያን ኖቬምበር እሷም ሃያ አራት ዓመቷ እንደነበር፣ ራሷን ተላጭታ እንደነበር፣ ዜናውን አውቶቡስ ስትነዳ ሰምታ ወደ ዳር አቁማ እንዳለቀሰች ነገረቻቸው። ቡትሷን አውልቃ ልትጥል ነበር። ከጓደኞቿ ጋር ተነጋግረው፣ ስሙን ከተውነው ለገዳዮቹ ይቀራል ብለው፣ እንዳልተዉት።

ያስተረጎመችው ሐሴት ናት። እናቷ እግር ሥር በርከክ ብላ። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እያደረገች፣ "አለቀሰ፣ ጫማ አወለቀ፣ እሷ ስም ለሌባ አልሰጥም አለ" እያለች። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ልክ አልነበረም። እናቷ ሁሉንም ገባቸው። እኔ ዳር ቆሜ ነበር። አማርኛዬ ለማንም አላስፈለገም።

"ስም ለማስመለስ ልጄን ነው የምትሰጡት?" አሉ እትዬ የወርቅውሃ በመጨረሻ። አላመኑም። ግን የሐሴትን ራስ በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑትና አብረው ወጡ።

ዴኒስ በሩ ጋ ጠብቃ "አልጠላሁሽም" አለችኝ። "ዛሬ ግን ሂጂልኝ።"

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል። ኤርፖርቱ ሊፈነዳ ነው። አስራ ሰባት ዊልቸር።

ግሩፑ ላይ ማንም አላወራኝም፣ ማንም አላስወጣኝም።

ለሐሴት ቴክስት አደረግሁ፤ "ለእናትሽ ያኔ መናገር የነበረብኝን መናገር እፈልጋለሁ።" ከአራት ሰዓት በኋላ መለሰች። አድራሻ ብቻ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

ካስትሮ ቫሊ። አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዤ። ዳገቱ ላይ ያለ ትንሽ ቤት ነው፤ እኔ በሐሳቤ ቤተ መንግሥት አድርጌው ነበር። እትዬ የወርቅውሃ ራሳቸው ከፈቱ። "ግቢ" አሉ። ብርቱካኑን ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፤ አላመሰገኑኝም፣ እንቢም አላሉ።

ሁለት ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ለንደንን፣ የሠራተኞቹን ልጆች፣ ጃማይካዎቹን፣ ናዚዎቹ እንዴት እንደገቡበት፣ ክሩ ጃኬት ላይ የዘረኝነት ጠላት ብሎ እንደሚጽፍ። ቃል አልቸገረኝም። ሰው ዝም ብሎ ሲሰማኝ አማርኛዬ እንዴት እንደሚፈስ ረስቼው ነበር።

ስጨርስ "ይህን ሁሉ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ።

"ጊዜ አልነበረም እት…"

"ነበረን። ሳህናችን ሙሉ ነበር።" ዓይናቸውን ከዓይኔ አላነሱም። "ቀንተሽባት ነው?"

ሁለት ወር ሙሉ ደብተሬን የሸወድኩበት ነገር ነው። እሳቸው በአንድ ቃል።

"አዎ" አልኩ።

"በምኗ?"

"በሁሉ ነገሯ። በእንግሊዝኛዋ፣ በሳቋ። እናቷ እርስዎ ቤት ስላሉላት። እዚያ ስገባ ከአገሬ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሰው ያየኝ ያኔ ብቻ ነው። እሷ ስትመጣ ማንም የሚያየኝ የሌለ መሰለኝ።"

ሐሴት ከጓዳው በር ቆማ ስትሰማ እንደነበር አላየሁም። ራሷ ላይ ምንም አላደረገችም፤ ዊጉም የለም። በአማርኛ ጀመረች፤ እኔን ብላ ነው በአማርኛ የጀመረችው።

"ራፋ 'አንድ ኢትዮጵያዊት ልጅ አለች' አለኝ። እኔ ጓደኛ ሐበሻ የለኝም። ቤተክርስቲያን ልጆች በእኔ አማርኛ ይስቃል። እኔ ዘፈን አላውቅም ነበር፣ ቡትስ አላውቅም ነበር። እኔ የመጣሁት ለአንተ ነው።"

ለአንቺ ማለቷ ነው። አላረምኳትም። የማርመው ፊት አልነበረኝም።

"አሁንስ?" አልኳት።

"አሁን ተናድጃለሁ" አለች። ይህንን በትክክል አለችው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

አልሄድም ብዬ ነበር። ዴኒስ "ዓርማ የለሽም። ወንበር የሚደረድር ሰው ግን ያስፈልገኛል" ብላ ደወለች። ሄድኩ። ስልሳ ወንበር ደረደርኩ።

ሐሴት ከእናቷ ጋር መጣች። ምን ተባብለው እንደተስማሙ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም። እትዬ የወርቅውሃ ጥቁር ወፍራም ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ዴኒስ ስሟን ስትጠራ ሐሴት ወጣች። ዓርማውን ጀርባዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዙላት፤ ነገ ይሰፋል። ጋራዡ ተናወጠ። ራፋ ከሁሉም በላይ ጮኸ። አጨበጨብኩ። እየቀናሁ አጨበጨብኩ፤ እዚህ ላይ ደህና ነበርኩ ብዬ ብጽፍ ማንን አታልላለሁ? ያ ቦታ የእኔ ነበር። በእጄ ነው የጣልኩት፤ እንደዚያም ሆኖ ሌላ ሰው ሲቆምበት ማየት አቃጠለኝ።

ሐሴት ባለፈችበት ሁሉ እያቀፏት መጣችና እኔ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። አላቀፈችኝም። ጭንቅላቷን ነቀነቀችልኝና አለፈች።

ዳንሱ ተጀመረ። ወደ ግድግዳው ሸሽቼ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ የወርቅውሃ በጣታቸው ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ።

"ይሄ ዘፈን መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ይኼኛው ሊያልቅ ነው እትዬ። ግን ሌላ ይከተላል። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ነው።"

መሃል ላይ የምትዘለውን ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው አልተፈታም። ቢሆንም እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደና የላይኛዋን ቁልፍ ፈታ፤ ከዚያ ቀጣይዋን። ተነስተው ኮታቸውን አወለቁ።

"እንግዲያው ያዥልኝ" አሉኝ። "መሬት እንዳይነካብኝ።"

ነጠላቸውን አመቻችተው ወንበሩ ላይ ተደግፈው ተቀመጡ። ኮቱ ከባድ ነው፤ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። በሁለት እጄ ታቅፌው እስከ አንድ ሰዓት ቆምኩ።